ኦዴል ኳርልስ በየኩሽናው የፈረመው ካርድ

«ሟቹ አቶ ኦዴል ኳርልስ በቤትዎ ትተውት ሄደዋል የተባለው በእጅ የተጻፈ ካርድ የዩኒቨርሲቲው ሰነድ አይደለም። አቶ ኳርልስ ረዳት አሰልጣኝ ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲውን የሚያስገድድ ቃል የመስጠት ሥልጣን አልነበራቸውም። ስለዚህ የልጅዎ የጃቫሪስ ነጻ የትምህርት ዕድል በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ያበቃል። በጋራ ሐዘናችን ከጎንዎ መሆናችንን እንገልጻለን።»

የተከበሩ ፓስተር ሲምስ፣ የተከበሩ ወይዘሮ ኦፊሊያ ኳርልስና ልጆቻቸው፣ የቤልሞር ስቴት የቀድሞና የአሁን ተጫዋቾች፣ ከየከተማችሁ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የስንብት ንግግር በጸሎት ይጀመራል። እኔ በደብዳቤ ጀመርኩ።

ደብዳቤው የተጻፈው ለወይዘሮ ቨርሊን ጋዲስ ነው። እዚህ አሉ፤ ከልጃቸው ከጃቫሪስ ጋር ከመቃብሩ በስተግራ ቆመዋል። ቀኑ ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24 ይላል። ኦዴል የሞተው ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22 ነው። ሁለት ቀን። አስከሬኑ ገና ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም ነበር። እናንተ አበባ ታዝዛላችሁ፣ አንድ ሰው ቢሮው ገብቶ ይህን ይጽፋል።

ወይዘሮ ኦፊሊያን አስፈቅጃለሁ። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ደብዳቤውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ፣ «አንብበው» አሉኝ። «ብቻ እንዳትጮህ። ቀስ ብለህ አንብበው፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማ።» ቀስ ብዬ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሬይመንድ ቲብስ እባላለሁ። በኦዴል ሥር ተጫውቻለሁ፤ ከእሱ ጋር አሠልጥኛለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቢሮ ተጋርተናል። ዛሬ በቤልሞር ስቴት የስፖርተኞች የትምህርት አማካሪ ነኝ። በተማሪነቴ አንቱ እለው ነበር። ቢሮ ስንጋራ ግን «አንቱ ስትለኝ ወንበሬን የምትወስድብኝ ይመስለኛል» ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ ዛሬም አንተ እለዋለሁ።

ሥልጣን አልነበራቸውም፣ ይላል ደብዳቤው። እንግዲህ ሥልጣን ያልነበረው ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ ልንገራችሁ።

ኦዴል የፉትቦል ቡድናችን የመከላከያ መስመር አሰልጣኝ ነበር። ግን ሜዳ ላይ ያያችሁት የሥራው ግማሽ አልነበረም። ሌላው ሥራው በዚህች ጠፍጣፋ ምድር ላይ፣ ከከተማ ከተማ እየነዳ፣ በየሰው ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጅ መመልመል ነበር። ሌሎቹ መልማዮች የሚያብረቀርቅ መጽሔት ይዘው ይመጣሉ። የስታዲየሙን ፎቶ፣ የልብስ መለወጫውን ፎቶ፣ አዲሱን የራስ ቁር። ኦዴል ባዶ እጁን ይመጣል። ደረት ኪሱ ውስጥ ግን የመዳፍ ያህል የሆኑ ነጫጭ ካርዶችና አንድ እስክሪብቶ አሉ።

በመጀመሪያ ይበላል። የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በሦስት ቤት ሦስት ሙሉ ምሳ ሲበላ አይቻለሁ። ሦስተኛው ቤት ላይ የበቆሎ ዳቦው ሲመጣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የቤቲቱ እመቤት ነገሩ የደስታ መስሏቸው ጨመሩለት። እሱንም በላው።

ከዚያ ያዳምጣል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው። «ልጁ ማንን ነው የሚፈራው?» ይለኝ ነበር። «ማንን ይወዳል አላልኩህም። የሚወዱትን ሰው ያታልሉታል። ማንን ይፈራል?»

ዴክስተርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያ ከኋላ የቆመው ነው፤ አሁንም ሁለት ሰው ይጋርዳል። በ1996 አሥራ አንድ ኮሌጅ ነበር የሚያሳድደው። አሥራ አንዱም አባቱን ለመኑ። አሥራ አንዱም አሰልጣኙን ጋበዙ። ኦዴል ግን ልጁ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ሁሉ ወደ አክስቱ እንደሚያይ አስተዋለ። አክስቱ ወይዘሮ ዶቲ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራቸው። ኦዴል ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ እዚያ ተቀመጠ። መላጣ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አራት ሰዓት ሙሉ በፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ከተቀመጡ ሴቶች መሃል ያ መላጣ ራሱ ያበራ ነበር አሉ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ዶቲ አላስችል ብሏቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የምሠራው ፀጉር ላላቸው ነው፤ ምን ልታዘዝ?» አሉት።

«ስለ ኮሌጃችን ምን እንደሚወራ ልሰማ ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ።»

«ደግ አይወራም።»

«አውቃለሁ። ለዛ ነው እስካሁን ያልተነሳሁት።»

ያን ቀን ሴቶቹ የነገሩትን ሁሉ ጻፈ። የማን ልጅ ተጎድቶ እንደተባረረ። የማን ልጅ አራት ዓመት ተጫውቶ ያለ ዲግሪ እንደተመለሰ። የማን ልጅ ዛሬ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካው ውስጥ በተጎዳ ጉልበቱ እያነከሰ እንደሚሠራ። ጽፎ ሲጨርስ ወይዘሮ ዶቲን፣ «ልክ ነዎት» አላቸው። አላስተባበለም። ከዚያ ካርዱን አውጥቶ የፀጉር ዘይት በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ጻፈላቸው።

ካርዱ ላይ ያለው ሁልጊዜ አንድ ነው። እናቶች በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «ልጅዎን እወስዳለሁ። ቢጫወትም ባይጫወትም፣ ቢጎዳም ባይጎዳም፣ ዲግሪውን ይዞ ይመለሳል። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ኦዴል ኳርልስ።» የዩኒቨርሲቲው ማኅተም የለበትም። የዩኒቨርሲቲው ስም እንኳ የለበትም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ ነው የሚለው።

ሥልጣን አልነበረውም። ልክ ነው፤ አልነበረውም።

አሁን ስለ አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ይህን ስህተት ከመልማይ በቀር ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም።

በጃንዋሪ 1989 ነው። የእኔ ከተማ ፔሪን ናት፤ ሐዲዱ መሃሏን ይከፍላታል። ሰሜን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ደቡብ ሦስተኛ መንገድ አለ። በሁለቱም ላይ ቲብስ የሚባል ቤተሰብ ይኖራል። አንዛመድም። የደቡቡ ቲብስ ልጅ ሮላንድ ነው። በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሲሮጥ ደግሞ የዚያ ቁመት ሰው የማይመስል። ዘጠኝ ኮሌጅ ይፈልገዋል። የሰሜኑ ቲብስ ልጅ እኔ ነኝ። ኮሌጅ ቀርቶ የገዛ ትምህርት ቤቴ አሰልጣኝ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ኦዴል ሐዲዱን ሳይሻገር የእኛን በር አንኳኳ። እናቴ ኧርነስቲን፣ ነፍሷን ይማር፣ ከፈተችለት።

«የቲብስ ቤት ነው፣ እመቤቴ?»

«ነው።»

«ልጅዎ ፉትቦል ይጫወታል?»

«ይጫወታል።»

ሁለቱም መልስ እውነት ነበር። እናቴ አስገባችው። ጎመንና የተጠበሰ አምባዛ ዓሣ አቀረበችለት። ሁለት ሳህን በላ። ስለ እኔ ጠየቃት፤ እሷም ስለ እኔ ነገረችው። እናት ስለ ልጇ ስትናገር ደግሞ ልጁ ሮላንድ ይሁን ሬይመንድ ማን ይለያል? ካርዱን ጽፎ ሰጣት። ከዚያ እኔ ከመዘምራን ልምምድ መጥቼ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

አየኝ። እናቴን አየ። እጇ ላይ ያለውን ካርድ አየ። ተነሥቶ ጨበጠኝና፣ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ።

እውነቱን የነገረኝ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔም ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ተመልሻለሁ፤ እሱ እየነዳ ነው።

«ሬይመንድ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትቀየመኝ።»

«ምንድን ነው?»

«እኔ እኮ ያን ቀን የመጣሁት ለሮላንድ ነበር።»

 መቼ እንዳወቀ ጠየቅኩት።

«በሩን ከፍተህ ስትገባ። ጎንበስ ሳትል ነዋ የገባኸው።»

«ታዲያ ለምን አልተውከኝም?»

«ካርዱ እናትህ እጅ ገብቷል። ሁለት ሳህን በልቻለሁ። ምን ልበላት? ይቅርታ እመቤቴ፣ የፈለግኩት ሌላ ልጅ ነው፣ ካርዴን ይመልሱልኝ ልበላት?»

ወደ ቤልሞር ሲመለስ ዋናው አሰልጣኝ፣ «ሮላንድ ቲብስ እሺ አለ?» ብሎ ጠየቀው። ኦዴል፣ «ቲብስ እሺ ብሏል» አለ። ዋናው አሰልጣኝ እኔን ያየኝ ኦገስት ላይ፣ ልምምድ ሲጀመር ነው። ኦዴልን አንድ ዓመት ሙሉ በቀጥታ አላናገረውም፤ የሚፈልገውን በሌላ ሰው ነበር የሚልክበት። ሮላንድ ሌላ ኮሌጅ ሄዶ ሁለት ጊዜ አሸነፈን። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ሜዳ የገባሁት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ዲግሪዬን ግን ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛውንም ያዝኩ።

እኔ ራሴ ስህተት ነኝ፣ ወገኖቼ። ኦዴል ኳርልስ በስህተት የጻፈውን ካርድ ለሠላሳ ስድስት ዓመት አክብሮታል። ቤልሞር ስቴት ደግሞ በትክክል የተጻፈውን ካርድ ሁለት ዓመት ማክበር አቃተው።

ቀላል ነበር ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ልጅ በተጎዳ ቁጥር ዋናው አሰልጣኝ ቦታውን ለሌላ መስጠት ይፈልጋል። ሰባት ዋና አሰልጣኝ አልፎበታል። ከሰባቱም ጋር ተከራክሯል። እንዴት ነበር የሚያሸንፋቸው? ይነግድ ነበር። «ጉልበቱ የተሰበረውን ልጅ ካስቀረህልኝ፣ ሁሉም የሚያሳድዱት የዚያ ልጅ አክስት ቤት ነገ እገባለሁ» ይላል። አክስቲቱ ቤት መግባት የሚችለው እሱ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። ያስቀሩለታል። በአንዱ ዓመት ቢሮውን ሰጥቶ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሠርቷል። በሌላው ዓመት ደግሞ፣ ይህን ከእኔ ሌላ ወይዘሮ ኦፊሊያ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ያስገባውን ማመልከቻ ስቦ አወጣ፤ በልዋጩ ሁለት የተጎዱ ልጆች ቀሩ።

ሦስት ጊዜ ለዋና አሰልጣኝነት ጠርተው ቃለ መጠይቅ አድርገውለታል። ሦስት ጊዜ ከውጭ ሰው አመጡ። ሦስቱንም ጊዜ፣ አዲሱን ሰው በየቤቱ ይዘህ ዙርልንና ከእናቶቹ ጋር አስተዋውቅልን አሉት። ይዞ ዞረ። አንዱ ሰውዬ መኪና ውስጥ፣ «ለምንድን ነው አንተን ያልቀጠሩህ?» ብሎ ጠየቀው። ኦዴል፣ «አምባዛ አብዝቼ ስለምበላ ይሆናል» አለው። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። ሰውዬው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም አልስቅም።

እኔ መዝገብ የምወድ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ አጣራሁ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ካርድ ጽፏል። አንድ መቶ ዘጠና ስምንቱ ተመርቀዋል። ከቀሩት አሥራ ሦስት ውስጥ አሥራ ሁለቱን ስም በስም አውቃቸዋለሁ። ሦስቱ ሞቱ። ስድስቱ በራሳቸው ፈቃድ ሄዱ። ሁለቱ ወደ ውትድርና ገቡ። አንዱ ሰባኪ ሆነ፤ ኦዴል እስከ መጨረሻው፣ «ሰብከህ ስትጨርስ ሁለቱን ኮርስ ተመልሰህ ትወስዳለህ» እያለ ይደውልለት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በእኛ በር ተገፍቶ የወጣ አንድም የለም። አሥራ ሦስተኛው ጃቫሪስ ጋዲስ ነው።

ኦዴልም ቢሆን ከእኔ ነቀፋ አያመልጥም። መሬት ውስጥ ገባ ብዬ ውሸት አልናገርለትም። በ2009 ቢሮ ውስጥ ለመንኩት። ይህን ነገር ደንብ እናድርገው አልኩት። የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ውስጥ ይግባ፤ የተጎዳ ልጅ እስኪመረቅ አይነካም ይባል፤ ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ አልኩት።

«ደንብ ካደረግነው ይሽሩታል» አለኝ። «ልማድ ሆኖ ከቆየ ግን ማን ደፍሮ ነው ተሽሯል የሚለው?»

«አንተ ከሌለህስ?»

«የት እሄዳለሁ?»

ተሳስተሃል፣ ኦዴል። ያኔም ነግሬሃለሁ፣ ዛሬም እነግርሃለሁ። ቃሉን ሁሉ በራስህ ጫንቃ ላይ አቆምከው። ያ ጫንቃ ጡረታ ወጣ፤ ያ ጫንቃ ታመመ። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ሰባተኛው ዋና አሰልጣኝ ሲያሰናብትህ የምትነግድበት ነገር አለቀ። አንዲት ገጽ ጽፈን ብናስፈርም ኖሮ ወይዘሮ ጋዲስ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ይዘው አይቆሙም ነበር።

የጃቫሪስ ካርድ የመጨረሻው ካርድ ነው። ከመሰናበቱ በፊት፣ በጃንዋሪ 2023፣ በወይዘሮ ጋዲስ ኩሽና ውስጥ ጻፈው። ባለፈው ኦክቶበር ጃቫሪስ ልምምድ ላይ አንገቱ ተጎዳ። ሐኪሞቹ ዳግመኛ እንዳይጫወት ከለከሉት። መራመድ ስለቻለ እግዚአብሔር ይመስገን። አማካሪው እኔ ነኝ፣ ውጤቱን አውቀዋለሁ። አንገቱ ታስሮ፣ ጎንበስ ማለት ስለማይችል መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ ቆሞ እያነበበ ነው ያን ሴሚስተር የጨረሰው።

በኖቬምበር ስብሰባ ተጠራ። ቦታቸው የሚለቀቅ ተጫዋቾች ስም ዝርዝር ተነበበ። የጃቫሪስ ስም አራተኛ ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰው ተቀምጠናል። አዎ፣ ተቀምጠናል። እኔ እዚያ ነበርኩ። ኦዴል እንደ ሁልጊዜው አንድ መላ ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ዝም አልኩ። ስሙ ተነበበ፤ ወደ አምስተኛው ታለፈ። ወይዘሮ ጋዲስ፣ ይህን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው እዚህ የምናገረው።

ኦዴል ግን ዝም አላለም። ጡረተኛ ነው፤ ልቡ ደክሟል፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ቦታ ያርፋል። ለአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ፣ ለአቶ ኪልጎር፣ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። ኖቬምበር 18። ዲሴምበር 9። ጃንዋሪ 13። ግልባጮቹ እኔ ጋ ናቸው። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ደርሶናል የሚል አንድ መስመር እንኳ አልመጣም።

ከዚያ በአካል መጣ። ከእኔ ቢሮ ሁለት በር አልፎ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ከኪልጎር ጋር ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው።»

«ቀጠሮ ሰጡህ?»

«አልሰጡኝም። የምጠብቀው እሱን ነው።»

አራት ቀን መጣ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ውሃ ታመጣለት ነበር። አቶ ኪልጎር በሌላኛው በር እንደሚወጡ በሁለተኛው ቀን ነገረችው። እሱ ግን በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን መጣ። በአራተኛው ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ኖቬምበር ላይ ስብሰባው ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም።»

ባርኔጣውን አዞረው። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ» አለ። «ቀጣዩ ላይ ትላለህ።»

ያን ከተባባልን በኋላ ዘጠኝ ቀን ነው የኖረው።

ሐሙስ ዕለት ለወይዘሮ ጋዲስ ደወልኩ። ለማጽናናት ነበር፤ ይልቅ እሳቸው ጠየቁኝ። «እኔ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሬ አላውቅም» አሉኝ። «ሦስት ሌላ ኮሌጅ ነበረው ልጄ። አንዱ ለቤታችን ቅርብ ነው። እዚህ የላክሁት ያ ሰውዬ ቤቴ ተቀምጦ፣ ዓይኔን እያየ ስለጻፈልኝ ነው። አሁን ያልተፈቀደለት ነበር ይሉኛል። ያልተፈቀደለት ከሆነ ለምን ሠላሳ ስድስት ዓመት ላኩት?»

  የዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው ሰዎች እዚህ ድንኳን ሥር፣ ጥላው ላይ ቆመዋል።

ሥልጣን አልነበረውም ትላላችሁ። ታዲያ ሁለት መቶ አሥር ጊዜ የት ነበራችሁ? ቃሉን ይዘው ልጆቹ ሲመጡላችሁ ሥልጣኑን የጠየቃችሁት መቼ ነው? ዴክስተር ዋንጫ ሲያመጣላችሁ ያክስቱን ካርድ የዩኒቨርሲቲው ሰነድ አይደለም ብላችሁ መለሳችሁለት? ስታዲየሙ ሲሞላ ካርዱ ይሠራል፤ አንገት ሲሰበር ካርዱ ወረቀት ይሆናል? ደግሞስ የጋራ ሐዘን ያላችሁት የትኛውን ሐዘን ነው? ሦስት ደብዳቤ ጽፎ መልስ ላላገኘ ሰው እንዴት ይታዘናል?

እናቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ካርዱን የያዛችሁ እጃችሁን አንሱ።

አመሰግናለሁ። ትንሽ አቆዩት። አቶ ኪልጎር ይቁጠሩት።

ኦዴል ቀጣዩ ላይ ትላለህ ብሎኝ ነበር። ቀጣይ ስብሰባ አልጠራም፤ ቢጠራም ከእንግዲህ እኔ የምጠራ አይመስለኝም። ሰኞ ጠዋት የቢሮዬን ቁልፍ ሊቀበሉኝ ይችላሉ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ቦታ በቀላሉ አልቀጠርም። አስቤበታለሁ። ለእኔ ቀጣዩ ስብሰባ ይህ ነው። ተሰብስባችኋል፤ ስሙ ተነብቧል፤ እኔም እያልኩ ነው። ጃቫሪስ ጋዲስ ቤልሞር ስቴት ገብቶ የመጣበትን ዲግሪ ሳይዝ አይወጣም። ይህን የምለው ሬይመንድ ቲብስ ነኝ።

ኦዴል።

ጓደኛዬ፣ አሰልጣኜ። እናቴን ሳታሳፍር ከቤታችን ስለወጣህ አመሰግንሃለሁ። ስለ መዝገቡና ስለ ደንቡ ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል፤ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ብትሰማኝ ደስ ባለኝ። ብትኖርና እንደገና ብትረታኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ባለኝ። በሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ የቀረበልህን ሁሉ በልተሃል፤ የሰው ልጅ ሁሉ እንደ ልጅህ ከብዶሃል። ከእንግዲህ የሚከብድህ የለም። ኮሪደር ላይ ተቀምጠህ የምትጠብቀው በር የለም። ፓስተር ሲምስ የሚሉትን የዚያን ቤት በር ሲከፍቱልህ ጎንበስ ሳትል ግባ። እረፍ። ደህና ሁን፣ ኦዴል።

አቶ ኪልጎር፣ የእርስዎ ግን ይቀራል። ሁለት ጥያቄ ነው። ጃቫሪስ ጋዲስ እስኪመረቅ የትምህርት ዕድሉ ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም? የኦዴል ኳርልስ ሦስት ደብዳቤዎችስ ለምን መልስ አጡ? በቃል አልቀበልም፤ በጸሐፊም አልቀበልም። በጽሑፍ፣ በራስዎ ፊርማ፣ በወይዘሮ ቨርሊን ጋዲስ ስም፣ ግልባጩ ለወይዘሮ ኦፊሊያ ኳርልስ። እስከ ዓርብ፣ ማርች 14፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ።